ደቻቱ፣ ማሪብ እና የእኛ ቦረቦር፦ ጎርፍ ለመያዝ የተሠሩ ግድቦች ታሪክ

ባለፉት ሳምንታት ስለ ማሽላ አገዳ ቆርቋሪ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ወደ ውሃ ልመልሳችሁ ነው። የካረን ዝናብ በመጣ ቁጥር ከሸደርና ከዙሪያው ቀበሌዎች የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «መንግሥት ቶጉ ላይ በር ያለው ትልቅ ግድብ ለምን አይሠራልንም? ጎርፉ ሲመጣ እንዘጋዋለን፣ ሲያልፍ እንከፍተዋለን።»

ከሌላ አካባቢ ለምታነቡ፣ ቶግ የሚባለው ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ከርሞ ዝናብ ሲጥል ለጥቂት ሰዓት ብቻ ወንዝ የሚሆነው ነው። ኦሮሞ ወገኖቻችን ላጋ ይሉታል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያሳስበኛል። ባለፈው ካረን ቦረቦሩ ከግራም ከቀኝም ማሳ ቆርሶ ወስዷል። አሁን በአንደኛው ዳር ያላችሁ አፈር ቆልላችሁ ውሃውን ወደ ማዶ ለመግፋት እየተመካከራችሁ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እኔ ከሰማሁ ማዶ ያሉትም ሰምተዋል ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ «አዎ» ወይም «አይ» ከማለት ይልቅ ከእኛ በፊት ጎርፍ ለመያዝ የሞከሩ ሰዎች ምን ሠሩ፣ ምን ገጠማቸው የሚለውን ልንገራችሁ። ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ከቅርባችን ልጀምር፤ ከድሬዳዋ።

ድሬዳዋ የተቆረቆረችበትን ምክንያት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ መጀመሪያ ሊገባ የታሰበው ሐረር ነበር። ተራራውን መውጣት ግን ወጪው ከበደ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ ቆመ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ አዲስ ከተማ ተተከለ፤ መጀመሪያ ስሙም «አዲስ ሐረር» ነበር። የከተማው ቦታ የተመረጠው ለባቡሩ ተብሎ ነው። ለባቡር ጥሩ የሆነው ያ ሜዳ ደግሞ ከተራራው የሚወርዱ ደረቅ ወንዞች የሚተፉበት ሜዳ ነው። ከእነሱ ዋናው ደቻቱ ከተማውን ለሁለት ይከፍለዋል። በአንድ ወገን ቀጥ ያሉ መንገዶች ያሉት የባቡሩ ሠፈር ከዚራ አለ፣ በሌላው ወገን መጋላ።

ደቻቱን በበጋ ያየ ሰው ወንዝ መሆኑን ይረሳል። አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከተማ ሲሰፋ ደግሞ ቤት ወደ ዳሩ ይጠጋል፤ ባዶ ቦታ ይመስላላ። ከተማው ያለው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ነው። በስተደቡብ ያለው የደንገጎና የአካባቢው ተራራ ግን ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። በመካከላቸው ያለው ርቀት አጭር ነው። እዚያ ላይ የጣለ ዝናብ ሐሳቡን ሳይቀይር ቁልቁል ይወርዳል።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. እሑድ ሊነጋ ሲል የሆነው ይህ ነው። ላይ ከምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ የወረደው ጎርፍ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች የደረሱበት ሳይታወቅ ቀረ፣ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ቤቱን አጣ። በዚያው ክረምት በኦሞ ዳር ዳሰነች ወገኖቻችን ላይ ከ360 በላይ ሰው አለቀ፤ ጣና ዳር ፎገራ ተጥለቀለቀ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ በእኛው ክልል ዋቢ ሸበሌ ሞልቶ ቀላፎንና ሙስታሂልን ዋጠ። ያ ዓመት በአገር ደረጃ የጎርፍ ዓመት ነበር።

ከዚያ በኋላ ድሬዳዋ ላይ በደቻቱ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ሄዳችሁ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ቀላል ሥራ አይደለም። ብዙ ቤት ከልሏል፣ አልክደውም። ግን በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ድሬዳዋን ጎርፍ እንደገና መታ፤ እንደገና ሰው ሞተ።

ለምን? ግንብ ውሃ አይቀንስም። ውሃውን በመስመር ያሳልፈዋል። ከላይ የመጣው መጠን ያው ነው፤ በጠበበ መንገድ ሲሄድ ደግሞ ፍጥነቱ ይጨምራል። ፍጥነት ሲጨምር አሸዋውን ብቻ ሳይሆን ድንጋዩን ያንከባልላል፣ የግንቡን እግር ይቆፍራል። ግንቡ ያለቀበት ቦታ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ይቀበላል። ሌላም ነገር አለ። ጎርፉ የሚወለደው በኦሮሚያ ተራራ ላይ ነው፣ የሚገድለው በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ነው። ከታች ያለው ከተማ የፈለገውን ያህል ሲሚንቶ ቢያፈስ ከላይ ያለው ገበሬ እርከን ካልሠራ የውሃው መጠን አይቀየርም። የላይኛው ገበሬ ደግሞ «ለማያውቀኝ ከተማ ብዬ ጉልበቴን ለምን አፈሳለሁ?» ቢል መልስ የሚሰጠው ያስፈልጋል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ሸደር ስንደርስ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 10 ሜትር ኩብ ውሃ ነው፤ ማለትም 10 ሺህ ሊትር፣ አንድ የውሃ ቦቴ። ጠንከር ያለ ዝናብ በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል በሄክታር 30 ቦቴ ሆነ። መሬቱ ራቁቱን ከሆነና ግማሹ ብቻ እንኳ ወደ ታች ቢሮጥ 15 ቦቴ። ከእናንተ በላይ ያለው ተዳፋት 100 ሄክታር ከሆነስ? 1,500 ቦቴ። በድርቅ ጊዜ አንድ ቦቴ ውሃ ለማግኘት ስንት ቀን እንደምንለምን ታውቃላችሁ። 1,500 ቦቴ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ በቦረቦሩ ያልፋል፣ አፈራችንንም ይዞ። እና ይህን ሁሉ በበር ልንዘጋው ነው? በሩስ በስንት ሰዓት፣ በማን እጅ ይዘጋል? ድሬዳዋ ላይ ጎርፉ የመጣው ሰው ተኝቶ ነው። በትላልቆቹ የአውሮፓ ወንዞች ላይ ጀልባ ከፍ ዝቅ እያደረገ የሚያሳልፍ፣ ዘበኛ ያለው የውሃ በር አለ። እዚያ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል፣ ዘበኛውም ደመወዙን ይበላል። በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚመጣ ውሃ ዘበኛ የሚቀጥር ቀበሌ ግን አላየሁም። በር ያለው ነገር ዝገት አለው፣ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉን ይዞ ጅግጅጋ የሄደ ሰው አለው።

አሁን ባሕሩን እንሻገር። ከበርበራ ማዶ፣ የመን ውስጥ ማሪብ የሚባል ቦታ አለ። ስሙን ከመስጊድ ታውቁታላችሁ፤ በቁርኣን ሱረቱ ሰበእ ላይ የተነገረው የሰበእ ሰዎች ግድብና የፈረሰበት ጎርፍ ታሪክ የእሱ ነው። እንደ ግብርና ባለሙያ ሳየው ደግሞ ከእኛ ጉዳይ ጋር የሚገናኝበት ብዙ ነው። ማሪብ አገሩ ደረቅ ነው፣ ወንዙም የእኛው ዓይነት ነው። ዋዲ ዸና ይባላል፤ በዓመት ዝናብ ተራራው ላይ ሲጥል ብቻ የሚመጣ።

የሰበእ ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምረው በተራራ መካከል ባለው ጠባብ በር ላይ ወደ 600 ሜትር የሚረዝም የአፈርና የድንጋይ ግድብ ሠሩ። ብዙ ሰው ግድብ ሲባል የተጠራቀመ ሐይቅ ይመስለዋል። የማሪቡ ዋና ሥራ ውሃ ማጠራቀም አልነበረም። የሚሮጠውን ጎርፍ አስቁሞ ከፍ ያደርገዋል፣ ከዚያ በስተሰሜንና በስተደቡብ ጫፍ በተሠሩ ሁለት የድንጋይ ማሳለፊያዎች በኩል ወደ ማሳ ይለቀዋል። ውሃው ከቦይ ወደ ቦይ እየተከፋፈለ በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ያጠጣል። ጎርፉ ራሱ መስኖ ሆነ። ቁርኣን ስለ ግራና ቀኝ ሁለት አትክልቶች የሚናገረው ከዚህ ጋር እንደሚሄድ አስተውሉ።

ጠላቱ ግን አብሮት ነበር፤ ደለል። ጎርፉ በመጣ ቁጥር ጭቃ ያራግፋል። ማሳው በጊዜ ብዛት ሜትር በሜትር ከፍ እያለ ሄደ። ማሳው ከፍ ሲል ውሃው እንዲደርስበት ግድቡም ከፍ ማለት አለበት። ግድቡ ከፍ ሲል የሚሸከመው የውሃ ክብደት ይጨምራል። ስለዚህ በየዘመኑ ይሰበራል፣ ይጠገናል።

ከጠገኑት አንዱ ከእኛ በኩል የሄደ ሰው ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ወደ የመን ጦር ሲልክ አብሮ የሄደው አብርሃ ኋላ ራሱ ሥልጣኑን ያዘ። የዝሆኑ ዓመት ታሪክ ላይ የምትሰሙት አብርሃ ማለት ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ548 ማሪብ ላይ ድንጋይ አስቀርጾ ግድቡን እንዴት እንዳስጠገነ ተናግሯል፤ ድንጋዩ እስከ ዛሬ ይነበባል። ታሪኩ እንዲህ ነው። አብርሃ ዓመፅ ለማብረድ ዘምቶ ሳለ ግድቡ መሰበሩን ሰማ። ጎሳዎቹን ለሥራ ጠራ። ሥራው ተጀምሮ ሳለ ወረርሽኝ ገባ። ያኔ ሠራተኛውን ወደየቤቱ ሰደደው፣ በሽታው ሲያልፍ መልሶ ሰበሰበውና አስጨረሰ። በድንጋዩ ላይ ለሠራተኛው የወጣው ስንቅ ጭምር ተጽፏል፤ ዱቄት፣ ተምር፣ የሚታረድ ከብት። ሥራው ሲያልቅም ከአክሱም፣ ከሮም፣ ከፋርስ የመጡ መልእክተኞች ነበሩ።

ይህን ሳነብ እኔን የገረመኝ መልእክተኛው ብዛት ሳይሆን ስንቁ ነው። አንድ ንጉሥ ስለ ግድብ ሊኮራ ድንጋይ ሲያስጽፍ ስለ ዱቄት ያስጽፋል! ግድብ ማለት የሚጠግነው ሰውና የሚበላው እህል እንደሆነ ገብቶታል። ከአብርሃ በኋላ ጥቂት አሥርት ዓመታት ቆይቶ ግድቡ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰበረ። ያን ጊዜ ግዛቱ ተዳክሞ፣ ጎሳው ተበታትኖ የሚሰበስብ አልነበረም። ውሃው ያው የድሮው ውሃ ነበር። የጠፋው ጠጋኙ ነው።

የትላልቆቹን የእኛን ግድቦች ነገር ቶሎ ልለፈው። ቆቃ በጣሊያን የጦርነት ካሳ ገንዘብ አዋሽ ላይ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። መብራት ሰጠ፣ የአዋሽንም ውሃ ለወንጂና ከታች ላሉት እርሻዎች አስተካከለ። ግን በ40 ዓመት ውስጥ ከመያዣው ሲሶ ገደማውን ደለል ወሰደበት፤ ነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ አፋርን ሲያጥለቀልቅም አይተናል። በእኛው በዋቢ ሸበሌ ላይ፣ ባሌና አርሲ ድንበር፣ መልካ ዋከና በደርግ መጨረሻ ዓመታት ሥራ ጀመረ። 153 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ቀላፎ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ተጥለቅልቋል። እነዚህ ግድቦች የተሠሩት ዋናው ዓላማቸው መብራት ስለሆነ አልወቅሳቸውም። የምለው፣ ላይ አንድ ትልቅ ግድብ አለና ታች ያለው ሰው ተኝቶ ይደር ማለት አይቻልም።

ወደ ትናንሾቹ እንውረድ፤ የእኛ ነገር ያለው እዚያ ነው።

ከ1966ቱ ረሃብ በኋላ በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ እጅግ ብዙ የአፈርና የድንጋይ እርከን በደጋው ተሠርቷል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም ስንዴና ዘይት ይሰጣል፣ ሕዝቡ ይቆፍራል። በአፍሪካ ከተሠሩት ትልቁ የአፈር ጥበቃ ሥራ ነበር ይባልለታል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲቀየር ግን በብዙ ቦታ ገበሬው ራሱ አፈረሰው። መሬቱ የማን እንደሆነ አልተነገረውም፣ እርከኑ ማሳውን ያጠበዋል፣ አይጥ ይራባበታል፣ ያዘዘውም ሰው ሄዷል። ኮንሶ ግን የድንጋይ እርከኑን ከ400 ዓመት በላይ ይዞታል፤ በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበለት። ኮንሶም ደረቅ ነው፣ ዳገቱም ከእኛ ይከፋል። ልዩነቱ እርከኑ የየቤተሰቡ መሆኑና ሲናድ ማን እንደሚያነሳው መታወቁ ነው። ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ድንበር ማዶ ቦረማና ገቢሌ በኩል በማሳ ላይ በዶዘር የተቆለሉ የአፈር እርከኖች አይታችኋል። ባለቤት ያላቸው ዛሬም ማሽላ ያበቅላሉ፤ ባለቤት ያጡት ተሸንቁረው ራሳቸው ቦረቦር ሆነዋል።

አሁን ለሸደር ቅርብ ወደምለው ሥራ ደረስኩ። በምዕራብ አፍሪካ፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ኒጀርና ቻድ ውስጥ፣ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደረቅ ሸለቆ ላይ ዝቅተኛ የውሃ ማስፋፊያ ግድብ ይሠሩ ጀመር። ከዚያ በጀርመን የልማት ትብብር በኩል ወደ አፋርና ወደ እኛ ሶማሌ ክልል መጣ። አንዳንዶቻችሁ በጉብኝት አይታችሁታል፤ «ይሄ ደግሞ ግድብ ነው እንዴ? ፍየል ይዘለዋል» ያላችሁም አላችሁ። እውነት ነው፣ ይዘለዋል። የተሠራው ለዚያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቶጉ አልጋ ላይ ከድንጋይና ከሲሚንቶ ዝቅ ያለ ግንብ ይሠራል። መካከሉ ትንሽ ጎድጎድ ይላል፤ ትንሹ ጎርፍ በእሱ በኩል ያልፋል። ከአልጋው ግራና ቀኝ ክንፎቹ ረዝመው ሜዳው ላይ ይዘረጋሉ። ትልቁ ጎርፍ ሲመጣ ግንቡ አያስቆመውም፤ በክንፎቹ ላይ ሞልቶ ስስ ሆኖ ሜዳው ላይ ይሰፋል። የሰፋ ውሃ ጉልበት የለውም። አፈሩን ያራግፋል፣ መሬቱ ይጠጣዋል፣ ቀሪው ቀስ ብሎ ወደ አልጋው ይመለሳል። ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ አለ፣ ከዚያ ሌላ። እንዲህ በተከታታይ ሲሠራ ሸለቆው በሙሉ ውሃውን ይካፈላል። ቦረቦሩ በደለል እየሞላ ይመጣል፤ ሣር ይበቅላል፣ ማሽላ ይዘራል። በር የለው፣ ቁልፍ የለው፣ ዘበኛ የለው። ማሪብን አስታወሳችሁ? ሐሳቡ ያው ነው፤ ጎርፉን ከፍ አድርጎ ወደ ጎን መስጠት። ልዩነቱ ማሪብ ሁሉን በአንድ ትልቅ ግድብ ተሸከመ፣ ይኼኛው በብዙ ትናንሾች ተከፋፈለው። አንዱ ቢሰበር አገር አይሄድም።

በሲሚንቶ የሚሠራው ገንዘብና መሐንዲስ ይፈልጋል፤ እሱን በወረዳው በኩል እንጠይቃለን። ከዚያ በላይ ባሉት ትናንሽ ቦረቦሮች ላይ ግን በራሳችን ጉልበት የድንጋይ ክትር መሥራት እንችላለን። ሥራችሁ በአንድ ካረን እንዳይወሰድ ሦስት ነገር ልብ በሉ። የክትሩ ሁለት ጫፍ ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተቆፍሮ ይግባ፤ አብዛኛው ክትር የሚሞተው ውሃው በጎን ዞሮት ነው። መካከሉ ከጫፎቹ ዝቅ ይበል፣ ውሃው በመሐል እንዲወጣ፤ ውሃው በሚወድቅበት በስተታች በኩል ደግሞ ትልልቅ ድንጋይ ይነጠፍ፣ አለበለዚያ ሥሩን ቆፍሮ ይጥለዋል። ርቀታቸውን ስትለኩ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ይሁን። ይህን በዓይን አትገምቱ፤ የውሃ ልክና ሲባጎ ጣቢያው ላይ አለኝ፣ መጥታችሁ ውሰዱ። ከክትሩ በላይ ያለው ተዳፋት ራቁቱን ከሆነ ግን በአንድ ዝናብ ደለል ሞልቶት ሥራው ያልቃል።

ተዳፋቱ ለምን ራቁቱን ሆነ የሚለው ሌላ ወሬ ነው። የስደተኛ ካምፑ በ2000 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሁሉን በእነሱ ማሳበብ ቀሎናል። ከሰል ወደ ጅግጅጋ የሚጭነውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ እሱን እዚህ አላራዝመውም።

ከሁሉ የሚከብደው ድንጋዩ አይደለም። ደቻቱ ላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ መጣ። ክትሩ መጀመር ያለበት ከላይ ነው፤ ላይኛው ሠፈር ግጦሽ ውስጥ። ጥቅሙ በይበልጥ የሚታየው ታች ባላችሁት ማሳ ላይ ነው። የላይኞቹ ቢያንስ ለሁለት ካረን ያንን ተዳፋት ከከብት መከልከል አለባቸው። እኔ ይህንን ስብሰባ ላይ ሳነሳ አንድ አዴር ከላይኛው ሠፈር እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ የእኔ ግመል ጾም ይደር፣ የእሱ ማሽላ ይጥገብ ነው የምትለው?» ንግግራቸው ትክክል ነው፤ ያነሱት በ1983 እርከኑን ያፈረሰው ገበሬ ጥያቄ ነው፣ የደንገጎ ገበሬ ጥያቄም ነው። ደብዳቤ ጽፌ የምመልሰው ጥያቄ አይደለም፤ በሄር፣ በሽማግሌ የሚመለስ ነው።

ከሁለቱም ወገን አባቶች ጋር ስንነጋገር የቀረበው ሐሳብ እንዲህ ይላል። የተከለከለው ተዳፋት ሣር ታጭዶ ለላይኞቹ ብቻ ይሰጥ። ከታች ያላችሁ ደግሞ ከማሽላው አገዳ ድርሻ ለከብታቸው ቁረጡ፣ ክትሩ ሲሠራም ቀንና ስንቅ አዋጡ። አንዳንዶቻችሁ «አገዳውን እኛም ለከብት እንፈልገዋለን» ብላችኋል። ትፈልጉታላችሁ፤ ግን አሁን ቦረቦሩ በየዓመቱ የሚወስድባችሁ ማሳ በአገዳ ሲታሰብ ስንት እስር እንደሆነ ራሳችሁ ቁጠሩ። ስንቁን በተመለከተ ኤዶዎቻችን ተሰብስበው በየተራ እናበስላለን ብለዋል፤ እንግዲህ አብርሃ በድንጋይ ያስጻፈው ዱቄት በእኛ በኩል በእነሱ ተይዟል።

ዳር ላይ አፈር የመቆለሉን ነገር ግን በግልጽ ልናገር። አንዱ ወገን አፈር ቢቆልል ውሃው ማዶ ይሄዳል። ማዶ ያሉት ከፍ አድርገው ይቆልላሉ። ከዚያ እናንተ ትጨምራላችሁ። ሁለት ግንብ ያለው ጠባብ ደቻቱ ሠራችሁ ማለት ነው፣ ያውም ያለ ሲሚንቶ። የተቆለለ ልቅ አፈር በመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ ይናዳል፤ የሚናደው ደግሞ በሌሊት ነው፣ ከጀርባው ማሳ ብቻ ሳይሆን ቤትም አለ። ውሃውን ወደ ማዶ የገፋ ሰው ከማዶው ጋር የሚኖረውን ጣጣ ለሽማግሌዎቻችን እተወዋለሁ፤ የደም ነገር ሳይመጣ ማለቴ ነው።

የላይኛው ሠፈር አባቶች ሐሳቡን ለየቤታቸው አውርደው ከጁምዓ ሶላት በኋላ መልስ እንሰጣለን ብለዋል። እሺ ካሉ በነጋታው ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከላይኛው ቦረቦር ራስ ጀምረን በሲባጎ እንለካለን፤ መዶሻና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ድንጋይ ለመጫን አህያ ያላችሁም። እምቢ ካሉ ደግሞ የወረዳውን የተፋሰስ ባለሙያ ጠርተን እንደገና እንቀመጣለን፤ ካረን እስኪገባ ጥቂት ሳምንት አለን። እስከዚያው ከታች ያላችሁ፣ እባካችሁ ዳር ላይ አካፋ አታንሱ።